የጤነኛ እግር ፋሻ

ናጅዋ ማኩረፍ አትችልበትም። ሌላው ሰው ሲያኮርፍ ፊቱ ይጠቁራል፣ አፉም ይዘጋል፤ እሷ ስታኮርፍ ግን ወሬዋ ይበዛል፣ ሳቋ ይጨምራል፣ የማታውቀውን ሰው ሁሉ ቆማ ሰላም ትላለች። ያን ሳምንት ከወልዲያ ፒያሳ እስከ ስታዲየሙ ድረስ ናጅዋ ሰላም ያላለችው ሰው ቢኖር ኢዘዲን ብቻ ነበር። በዚህም ምክንያት የኮሌጁ ተማሪ በሙሉ ማንን እንደምትወድ አወቀ።

የኢዘዲን ጥፋት ሌላ ሰው ቢያደርገው ጥፋት አይባልም። ሰኞ ዕለት ከመርሳ ከመጣው ሚኒባስ ሲወርድ አየችው፤ መንገድ ተሻግራ፣ ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እየሰማ «ኢዘዲን» ብላ ጠራችው። አልዞረም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመች። እሱ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ መንገዱን ቀጠለ። የነጋዴው የአብዱልሐሊም ልጅ በአደባባይ ወንድ ስትጠራ ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ የጫማ ዋጋ እንደምትጠይቅ መስላ ቅርቧ ወዳለው ሱቅ ገባች። ባለሱቁ የሚሸጠው ቆርቆሮና ምስማር ነበር።

ናጅዋ በአላውሃ የጤና ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት የነርስነት ተማሪ ናት። የኮሌጁ እግር ኳስ ቡድን ሲጫወት የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ይዛ መስመሩ ዳር የምትቀመጠውም እሷ ናት። ኢዘዲን ደግሞ የቡድኑ አጥቂ ነው። የቅዳሜና እሁድ የፋርማሲ ተማሪ ነው ስለተባለ ክፍል ውስጥ አይታው አታውቅም። የተዋወቁት መርሳ ላይ በተደረገ ግጥሚያ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ ሲወርድ ነው። ሳር ላይ ተንበርክካ ደሙን ስትጠርግለት ዓይኑን አልጨፈነም፤ ቁስሉን ረስቶ እሷን ያይ ነበር። «ዓይንህን ጨፍን፣ አልኮሉ ይገባብሃል» ብትለው «ይግባ» አላት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንባቢ ይገምተዋል። ከመርሳ ማንጎ ይላክላት ጀመር፤ ከማንጎው ጋር ደግሞ የተጣጠፈ ወረቀት። ጽሑፉ ያምራል፣ ቃሉ ያባባል፤ ኢዘዲን ግን አንድም ቀን ከደብዳቤው ግርጌ ስሙን ጽፎ አያውቅም። ናጅዋ ይህን የጥንቃቄ ምልክት አድርጋ ስለወሰደችው ይበልጥ ወደደችው።

ቅዳሜ የዞኑ የኮሌጆች ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ከደሴ ከመጣው ቡድን ጋር በወልዲያ ስታዲየም ይጫወታሉ። ከአዲስ አበባም የአንድ ትልቅ ክለብ ሰው መጥቶ ሆቴል ይዟል፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ኢዘዲንን ከጨዋታው በኋላ ሊያስፈርመው ነው። ኢዘዲን በመጨረሻው ወረቀቱ ላይ «ከፈረምኩ ማግስት ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎላት ነበር። ከመርሳ አጠገብ ያለችው የግራና መንደር ገበሬ ልጅ ያለ አንዳች ተስፋ የአቶ አብዱልሐሊምን በር ማንኳኳት እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ። ታዲያ ሊያገባት የሚፈልግ ሰው ስትጠራው እንዴት አይዞርም? ናጅዋ ይህን እያሰበች ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ ስትስቅ፣ ልቧ ውስጥ ግን ታለቅስ ነበር።

* * *

አቶ አብዱልሐሊም በወልዲያና በሐራ መጋዘን ያላቸው የእህል ነጋዴ ናቸው። ዘንድሮ ለቡድኑ ማሊያውን የገዙት እሳቸው፣ ዋንጫውንም ለውድድሩ ያበረከቱት እሳቸው ነበሩ። «በገንዘቤ ያሠራሁትን ዋንጫ መልሼ ሳሎኔ አስቀምጠዋለሁ» እያሉ በየሄዱበት ሲያወሩ ከርመዋል። እንዲህ የፎከረ ሰው ዱአ ሳያስደርግ አይቀርም። አርብ ከጁምዓ በኋላ ግቢያቸው ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ጫት ቀረበ፣ ዱአ የሚያደርጉት የአካባቢው እናቶች፣ ዱበርቲዎቹ፣ ተጠሩ፤ ተጫዋቾቹም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ጫማቸውን አውልቀው ተደርድረው ተቀመጡ።

የቡድን መሪው ሞገስ ይባላል። ለማሸነፍ የማያደርገው ነገር የለም፤ የኮሚቴውን ወረቀት አሳልፏል፣ የዳኞቹን የመታወቂያ ፍተሻም አሳልፏል። ያላሰባቸው አንድ ሰው እማማ ዓቢዳ ነበሩ። እማማ ዓቢዳ የዱበርቲዎቹ ታላቅ ናቸው። ዱአ የሚያደርጉት በጅምላ አይደለም፤ እያንዳንዱን ሰው ስሙን ከነእናቱ ስም ጠይቀው፣ ስሙን እየጠሩ ነው።

«ናትናኤል ነኝ፣ የወርቅነሽ ልጅ» አለ በረኛው።

«ናትናኤል፣ የወርቅነሽ ልጅ። ወርቅነሽን በልጇ ያኩራት፤ ኳሷ ካንተ እጅ ውጭ ማረፊያ ትጣ።»

«አሚን» አለ ግቢው እየሳቀ።

ናጅዋ ከሳሎኑ በር ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ አሚን ትላለች። ኢዘዲን ጋ ሲደርስ ሌላ ቦታ ለማየት ቆርጣ ነበር፤ ዓይኗ ግን እምቢ አላት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ያንተስ፣ የኔ አባት?» አሉ እማማ ዓቢዳ።

ኢዘዲን ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተከለ።

«ኢዘዲን ነው እማማ፤ ኢዘዲን ይባላል» አለ ሞገስ ከወዲያ በኩል።

«አንተን አልጠየቅኩም። ልጁ ምላስ አለው።»

«ስሙን ያውቁታል ብዬ…»

«እኔ ምኑን አውቄ? ሳላውቀው ማንን ብዬ ልለምንለት? በል ንገረኝ፣ አብሽር። አፈርክ እንዴ?»

ልጁ ቀና አለ። መጀመሪያ ያየው ናጅዋን ነበር። ያ አስተያየት ቅንድቡ የተሰነጠቀ ቀን ካያት አስተያየት ጋር አንድ ነው፤ ዛሬ ግን የሚደማው ሌላ ቦታ ነበር።

«ዛኪር ነኝ እማማ» አለ። «የሀስና ልጅ። ከግራና።»

ሞገስ ጭንቅላቱን ያዘ። አቶ አብዱልሐሊም ከተደገፉበት ትራስ ቀስ ብለው ተነሱ። እማማ ዓቢዳ ግን የተፈጠረው ነገር ስላልገባቸው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀጠሉ። «ዛኪር፣ የሀስና ልጅ። አላህ ያክብርህ፤ የወደድከውን አይንፈግህ።»

አሚን ያለው ናትናኤል ብቻ ነበር፤ እሱም ከልማድ የተነሳ አምልጦት ነው። ናጅዋ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ዓመት ሙሉ ትራሷን ታቅፋ የጠራችው ስም የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

* * *

ዛኪር ማንም ውጣ ሳይለው ጫማውን አንጠልጥሎ ወጣ። ናጅዋ እናቷ ቀሚሷን ብትይዝም አስለቅቃ ተከተለችው። ከግቢው በር ወጥቶ ወደ ዋናው መንገድ ሊታጠፍ ነበር።

«ዛኪር» አለች።

ስሙን ጠርታ ሳትጨርስ ዞረ። ናጅዋ የሰኞው ነገር ያን ጊዜ ገባት። አልናቃትም ነበር፤ እንደተጠራም አላወቀም። የሳምንቱ ኩርፊያ በአንዴ በነነ፤ በምትኩ ግን ሌላ ሕመም ገባ።

«ኢዘዲን ማነው?» አለችው።

«የኮሌጁ ተማሪ ነበር። ተመዝግቦ ዓመቱ ሳያልቅ ሳውዲ ሄደ። እኔ አሥረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ አባቴ ሲሞት ሽንኩርቱን የሚያጠጣ ጠፋ። ሞገስ መርሳ ሜዳ ላይ ስጫወት አየኝና ‹ለአንድ ጨዋታ ብቻ› አለኝ። አንዱ አለፈ፣ ሌላ መጣ። ከዚያ ያ የክለብ ሰው መጣ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሉትስ የማን ዕድሜ ነው?»

«ሃያ አራት ነኝ። ክለቡ የሚፈልገው የኢዘዲንን ዕድሜ ነው።»

«እኔስ? እኔ እንኳ ማወቅ አልነበረብኝም?»

ዛኪር አቀርቅሮ ጫማውን አየ። «ልነግርሽ የመጣሁበትን ቀን ብዛት ብታውቂው። ልክ ልጀምር ስል ‹ኢዘዲን› ትይኛለሽ፣ ደስ እያለሽ። ያን ደስታሽን ከፊትሽ ላይ ማጥፋት አቃተኝ። ደብዳቤ ስጽፍልሽ ግን ከታች የሰው ስም ማድረግ አልቻልኩም፤ ባዶውን ተውኩት።»

«ዛሬ ምን ሆንክ ታዲያ?»

«ማሊያ ላይ ዋሽቻለሁ ናጅዋ። ዳኛ ፊት ዋሽቻለሁ። እማማ ዓቢዳ እጃቸውን ዘርግተው ማን ልበል ሲሉኝ ግን ነገ የሚሆነው ታየኝ። ክለቡ ከወሰደኝ ዕድሜ ልኬን ኢዘዲን ነኝ። ሽማግሌ ስልክስ በማን ስም ይጠይቁሽ? ኒካሁስ ሲታሰር ማን ተቀበልኩ ይበል?» ጫማውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «በሰው ስም ጎል ይገባ ይሆናል። አንቺን ግን በሰው ስም አላገባም።»

ናጅዋ ልትቆጣው አስባ ነበር። ዋሽቷታል፣ ዓመት ሙሉ አሞኝቷታል። ግን ይኼ ጫማውን አንጠልጥሎ በካልሲ የቆመ ሰው ጠቅላላ ተስፋውን በአባቷ ምንጣፍ ላይ ጥሎት የወጣ ሰው ነው። ቁጣዋና ኩራቷ ተደባልቀው እንባ ሆነው ወረዱ፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለራሷም አልታወቃትም።

* * *

ዱበርቲዎቹ ከሄዱ በኋላ አባቷ ሳሎን አስጠሯት። ሞገስ ከጎናቸው ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል።

«ተቀመጪ» አሏት። «የልጁን ነገር ሰምተሻል። አንቺና እሱም ምን እንደሆናችሁ፣ በሩ ላይ ቆመሽ ስታለቅሺ አይቻለሁ። ዕውር አይደለሁም።»

ናጅዋ አንገቷን ደፋች።

«ነገሩ ከዚህ ግቢ አልወጣም» አለ ሞገስ። «ልጁ በውሸት ስም አልጫወትም ብሏል፤ ይሁን። ግን ምክንያት ሳይኖር አጥቂያችንን ብናስቀምጥ የደሴዎቹ ይጠረጥራሉ። ተጫዋቹ መሰለፍ አይገባውም ብለው የተገቢነት ክስ ካቀረቡ ያለፈው ውጤት ሁሉ ይሰረዛል። ስለዚህ ተጎድቷል እንበል። ጉልበቱን።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«አንቺ የቡድኑ ባለሙያ ነሽ። በፋሻ እሰሪው፣ ኮሚቴው ሲጠይቅሽ ጉልበቱ አብጧል በይ። በቃ። የተቀሩት ይጫወታሉ፣ ካሸነፉም ያሸነፉት እነሱ ናቸው። ማን ተጎዳ?»

አቶ አብዱልሐሊም ትራሳቸውን አስተካክለው ተደገፉ። ፎካሪ ናቸው እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን ይወዷታል፤ ዋንጫውንም ይፈልጉታል፤ ሁለቱን በአንድ ገበያ ለመጨረስ አሰቡ። «ይህን ካደረግሽልኝ» አሉ፣ «ልጁ ሽማግሌ ቢልክ በሬን አልዘጋም። የማን ልጅ ነው፣ ምን አለው ብዬም አልጠይቅ። ቃሌ ነው።»

አባቷ ቃል ሰጥተው አጥፈው አያውቁም። ናጅዋ ያን ሌሊት አንድ ጥቅል ፋሻ ከፊቷ አስቀምጣ ስታየው ነጋ። ከዚያች ነጭ ጨርቅ ሌላ በሷና በዛኪር መካከል የቆመ ነገር አልነበረም።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ተጫዋቾቹ ሰውነት ለማሟሟቅ ወጥተው መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ዛኪር ብቻ ነበር። ሞገስ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ቆሟል። ናጅዋን ሲያይ ዛኪር ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ግራ እግሩን አግዳሚው ላይ ዘረጋ።

«ነግረውሃል?» አለችው።

«ነግረውኛል። እሰሪው።»

ናጅዋ ተንበረከከች። ፋሻውን ፈታ አደረገችና ጉልበቱን በእጇ ያዘች። ሞቃት፣ ጠንካራ፣ አንዳች የሌለበት ጉልበት ነው። በአውራ ጣቷ ጫን አለችው።

«እዚህ ያምሃል?» አለች፣ ለሌላ ሰው እንደምትለው።

«እዚያ አያመኝም።»

«ትናንት ለእማማ ዓቢዳ መዋሸት ያቃተህ ሰው አይደለህም እንዴ?»

«ትናንት የማጣው የራሴን ነበር። ዛሬ አንቺን ነው የማጣው።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አባትሽ ቃል ሰጥተዋል። አንድ ቀን አንክሼ ዕድሜ ልክ ካንቺ ጋር ልኑር። እሰሪው ናጅዋ፣ እለምንሻለሁ።»

እውነት ለመናገር፣ ልታስረው ነበር። አንድ ዙር ጠምጥማለች። ሁለተኛውን ልትዞር ስትል ፊቱን አየች፤ ዛኪር ዓይኑን ጨፍኗል። ደሙ ሲወርድ፣ አልኮል ሲፈስበት ያልጨፈነው ሰው አሁን ላለማየት ጨፈነ።

«ዓይንህን ግለጥ» አለችው። «እየኝ። ዓመት ሙሉ የሌለ ሰው ስወድ ነበር። ትናንት አንተን አገኘሁህ፤ አባቴ በር ላይ፣ በካልሲህ ቆመህ። እንደዚያ ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም። በማግስቱ መልሰህ ልትወስድብኝ ነው?»

«በሩ ይዘጋል።»

«ይዘጋ። ስታነክስ አይቼ ከማገባህ፣ ቀጥ ብለህ ስትሄድ አይቼ ባጣህ ይሻለኛል።» ፋሻውን ፈታች፤ መልሳ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እኔ ነርስ ልሆን ነው ዛኪር። ጤነኛ እግር አላስርም።»

ሞገስ ከበሩ ላይ ሁሉንም ሰምቷል። ይቆጣል ብለው ሲጠብቁ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ልጁ መርሳ ሜዳ ላይ አቧራ ለአቧራ ሲጫወት ብታዪው» አላት፣ ራሱን እንደሚያጽናና። «እንዲህ ያለ ችሎታ ሽንኩርት መሀል ተቀብሮ ይቅር? አላስቻለኝም። ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረብኝ። አልፈለግኩም።» ከዚያም ተነስቶ «ብቻችሁን አትሂዱ፣ እኔም ጥፋቴን እናገራለሁ» አለ።

ሦስቱ አብረው የኮሚቴው ሰዎች ወደተቀመጡበት ጠረጴዛ ሄዱ። የተናገረው ግን ዛኪር ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ስሙን ከነአባቱ፣ ዕድሜውን፣ የተጫወተባቸውን ግጥሚያዎች፣ አንዱን ሳያስቀር። ናጅዋ አጠገቡ ቆማ ስትሰማ ፍርሃቷ አንድ በአንድ ለቀቃት፤ ዛኪር ሲናገር ያወረደው የራሱን ብቻ ሳይሆን የሷንም ሸክም ነበር።

* * *

በድምጽ ማጉያው ሲነገር ስታዲየሙ ተናጋ። የአላውሃ ቡድን በተገቢነት ጉድለት በፎርፌ ተሸንፏል፤ ዋንጫው የደሴው ቡድን ነው፤ ተጫዋቹና የቡድን መሪው ለሁለት ዓመት ከማንኛውም ውድድር ታግደዋል። «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ከጥላው በኩልም ከፀሐዩ በኩልም ተነሳ። የክለቡ ሰው መነጽሩን ኪሱ ከትቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ናትናኤል ጓንቱን አውልቆ ሳሩ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ፤ ናጅዋ በሁሉ ኮርታ በሱ ብቻ ሆዷ ባባ።

ዛኪር ከመስመሩ ዳር አልሸሸም። ስድቡ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማው፤ እሷም ቦርሳዋን አንግታ አጠገቡ ቆመች። ከላይ፣ ከክብር ወንበሩ፣ አባቷ ሲወርዱ አየች። ዋንጫውን ያበረከቱት እሳቸው ስለሆኑ የሚሰጡትም እሳቸው ናቸው። አቶ አብዱልሐሊም ዓመት ሙሉ የፎከሩበትን ዋንጫ በሁለት እጃቸው አንስተው ለደሴው አምበል አስረከቡ፤ ጀርባውንም መታ መታ አደረጉት። ፊታቸው ግን ድንጋይ ሆኖ ነበር።

ከስታዲየሙ በር ውጭ መኪናቸው ቆሟል። ሕዝቡ እየወጣ ግራና ቀኝ ቆሞ ያያል። አባቷ የኋላውን በር ከፍተው «ግቢ» አሏት።

ናጅዋ አልተንቀሳቀሰችም። «በእግሬ እመጣለሁ አባ። ከዛኪር ጋር።»

«ሰው ሁሉ እያየ?»

«ሲሰድቡት አብሬው ቆሜ አይተውኛል። ሲሄድም አብሬው ስሄድ ይዩኝ።» አባቷን ቀጥ ብላ አየቻቸው፤ በሕይወቷ እንዲህ አይታቸው አታውቅም። «ዋንጫዎን አሳጥቼዎታለሁ፣ አውቃለሁ። ቃልዎንም አልጠይቅም፤ የታዘዝኩትን አላደረግኩም። ግን አላፈርኩም አባ። ኮርቻለሁ።»

አቶ አብዱልሐሊም የመኪናውን በር እንደያዙ ቆሙ። ዓይናቸውን ከልጃቸው አንስተው ወደ ዛኪር መለሱት። ዛኪር እሳቸው ፊት ሲሆን አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል።

«አንተ» አሉት።

«አቤት።»

«ያን ሁሉ ሰው ፊት አጭበርብሬያለሁ ስትል ቀና ብለህ ነበር። ከላይ ሆኜ ሳይህ ነበር። አሁን ምን ሆንክ?»

«አሳፍሬዎታለሁ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«አሳፍረኸኛል። ስሜም ገበያ ለገበያ ይከርማል።» መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ በሩን ግን ወዲያው አልዘጉትም። «ስለ ሽማግሌ ዛሬ አልናገርም፤ ሆዴ ተቃጥሏል። አንድ ነገር ግን ስማኝ። ፒያሳ ድረስ ሕዝቡ እንደቆመ ነው። የአብዱልሐሊም ልጅ አጠገብ የሚሄድ ሰው አንገቱን አይደፋም። ቀና ብለህ ሂድ።»

በሩ ተዘጋ፤ መኪናው ሄደ። ዛኪር ቀና አለ። ናጅዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችው፤ ተቀብሎ አነገተው። ሰው ሁሉ እያየ፣ አንዳንዱም እየተሳደበ፣ የሚወዳትን ሰው ከነስሙ ከጎኗ ይዛ ወደ ፒያሳ የሚወስደውን ዳገት ወጣች።